የመጀመሪያ እርግዝና፣ ሦስት የተለያየ የመውለጃ ቀን፤ የቱን ልመን?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያ እርግዝናዬ ነው፤ ዛሬ 9 ሳምንት ሞልቶኛል ብዬ አስባለሁ። የመጨረሻው የወር አበባዬ የጀመረው ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ጽፌ ስለያዝኩት እርግጠኛ ነኝ፤ በየ28 ቀኑም ሳይዛባ የሚመጣ ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴም እህቶቼም ክፍለ ሀገር ናቸው።

ግራ ያጋባኝ የመውለጃ ቀኔ ነው። ስልኬ ላይ ያወረድኩት መተግበሪያ መስከረም 23 ይላል። ጎረቤታችን አንድ እናት ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን ቆጥረው መስከረም 18 አሉኝ። ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን የግል ክሊኒክ የተነሳሁት አልትራሳውንድ ደግሞ መስከረም 9 ነው የሚለው። በአንድ ቀን እንኳ ካልተስማሙ ሌላውን ነገር እንዴት ልመናቸው? ቲክቶክ ላይ አንዷ ቡና በጭራሽ አይነካም ስትል ሌላዋ ችግር የለውም ትላለች። ቴሌግራም ላይ ተልባ ጠጪ፣ ሆድሽን ታሺ የሚሉ ሞልተዋል።

ጤና ጣቢያ ልጀምር ወይስ በግል ክሊኒኩ ልቀጥል? የመጀመሪያው ቀን ምን ምን ይታየኛል? ጥያቄ ሲኖረኝስ የምጠይቀው ማንን ነው?

አዋላጅ ነርስ፣ ጤና ጣቢያ፦

እህቴ፣ በሰላም ያገላግልሽ። የመጨረሻ የወር አበባሽን ቀን ጽፈሽ መያዝሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ እናቶች ይህን ስለማያውቁት ነው ክትትላቸው የሚምታታው። ከቀኑ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው።

መተግበሪያው የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። «ሴፕቴምበር»ን «መስከረም» ብሎ ስለተረጎመው ነው እንጂ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ሴፕቴምበር 23 በእኛ መስከረም 13 ነው። ጎረቤትሽም ያወቁት ነገር አለ። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን 280 ቀን ይቆጠራል፤ የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ 9 ወር ከ10 ቀን ላይ ይውላል። ይህ የሚሠራው ግን በመሐል ጳጉሜ ከሌለች ነው። ጳጉሜን ካለፈ 9 ወር ከ5 ቀን ነው የሚደመረው፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን። አንቺ 2018ን ተሻግረሽ ስለምትወልጂና የዘንድሮዋ ጳጉሜ 5 ስለሆነች፣ ከታኅሣሥ 8 ዘጠኝ ወር መስከረም 8፣ አምስት ቀን ሲጨመር መስከረም 13 ቀን 2019 ይሆናል። መተግበሪያውም የእኛም ቆጠራ አንድ ቦታ ላይ ገጠሙ ማለት ነው።

አልትራሳውንዱ ከዚህ የሚለየው በ4 ቀን ነው። በ8ኛው ሳምንት ሲለካ እስከ 5 ቀን የሚደርስ ልዩነት የመለኪያው ስፋት ስለሆነ በወር አበባሽ ቀን የተቆጠረው ይጸናል። ከዚያ ቢበልጥ ኖሮ አልትራሳውንዱን እንይዝ ነበር። አሁን መስከረም 13 ይያዝ፤ ወደፊት በሰባተኛና በስምንተኛ ወር የሚነሳ አልትራሳውንድ ሌላ ቀን ቢያወጣ ቀንሽ አይቀየርም። በዚያ ጊዜ ስሕተቱ እስከ 3 ሳምንት ሊደርስ ይችላል፤ ልጆች በእድሜ እኩል ሆነው በመጠን መለያየት የሚጀምሩት ያኔ ነውና። የቀን ነገር ቀላል እንዳይመስልሽ። ልጁ ያለ ጊዜው ሊወለድ ነው ወይስ ጊዜው አልፎበታል፣ ምጥ በመድኃኒት ይጀመር ወይስ ይጠበቅ የሚባለው በዚህች ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ክትትሉ። አገራችን የምትከተለው መርሐ ግብር 8 ጊዜ መታየት ነው፤ እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40ኛው። በአንቺ ቀን ሲሰላ መጋቢት 2፣ ሚያዝያ 28፣ ሰኔ 10፣ ሐምሌ 8፣ ነሐሴ 6፣ ነሐሴ 20፣ ጳጉሜ 4 እና መስከረም 13 ይሆናል፤ ሁሉም ረቡዕ ይውላሉ። ጤና ጣቢያሽ በሌላ ቀን ቢቀጥርሽ ሁለት ሦስት ቀን ወዲህ ወዲያ ማለቱ ምንም አይደለም። ለመጀመሪያው ግን መጋቢት 2ን አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት ሂጂ።

የወረዳሽ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ገብተሽ «የእርግዝና ክትትል ልጀምር ነው» በይ፤ ወደ እናቶችና ሕፃናት ክፍል ይልኩሻል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መድረስ ጥሩ ነው፤ ላቦራቶሪ ከሰዓት ሲጣበብ ውጤት ለነገ ይባላል። መታወቂያሽን፣ የግል ክሊኒኩን የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ማሸጊያውን ይዘሽ ሂጂ። ክትትል፣ ማዋለድ፣ ድኅረ ወሊድና ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጡ ናቸው። ግብዓት ሲያልቅ አንዳንድ ምርመራ ወደ ውጭ ሊታዘዝ ስለሚችል ትንሽ ገንዘብ ይኑርሽ።

የመጀመሪያ ቀን ክብደትሽና የደም ግፊትሽ ይለካል። ደም ተወስዶ የደም ዓይነትና አር ኤች (ደምሽ ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ መሆኑ)፣ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ የሚታወቅበት ልኬት)፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ይታያል፤ በሽንት ደግሞ ፕሮቲን፣ ስኳርና ኢንፌክሽን። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ትጀምሪያለሽ፤ ሁለተኛው ከ4 ሳምንት በኋላ ነው፣ ቢያንስ ከመውለድሽ 2 ሳምንት በፊት ማለቅ አለበት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ብዙ እናቶች «ደህና ነሽ» ተብለው ይወጣሉ፣ ውጤቱን ግን አያውቁትም። የሁሉም እናት መረጃ ቲክቶክ ላይ ይገኛል፤ ያንቺ ግን ካርድሽ ላይ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ሳታውቂ ከክፍሉ አትውጪ፤ ግፊቴ ስንት ነው? ሄሞግሎቢኔ ስንት ነው? የደም ዓይነቴ ምንድን ነው? ብለሽ ጠይቂና በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ግፊት 140/90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደገመ ክትትሉ ይጠናከራል፤ 160/110 ከደረሰ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ሄሞግሎቢን ከ11 በታች ደም ማነስ ይባላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የነዋሪው ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ይላል፤ እዚህ 11 ነጥብ ምናምን የሚል ውጤት ሲመጣ «አለፍኩ» ብሎ መዝናናት ልክ አይደለም።

አር ኤች ኔጌቲቭ ከሆንሽና ባለቤትሽ ፖዘቲቭ ከሆነ የሾተላይ መርፌ ያስፈልግሻል፤ አንዱ በ28ኛው ሳምንት፣ ሌላው ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወለድሽ በ72 ሰዓት ውስጥ። ውድ ነው፣ ሁሉም ቦታ አይገኝም፤ በ28 ሳምንት መፈለግ ከጀመርሽ ዘግይተሻል። የደም ዓይነትን በመጀመሪያው ቀን ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። መሐል ላይ ደም ካየሽ ደግሞ መርፌው እስከ 28 አይጠበቅም፤ ወዲያው ነው የሚታየው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፦

አዋላጇ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ «ማንን ልጠይቅ» የሚለውን ልመልስ። በየወረዳው ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለች፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያሉት በነርስነት የሠለጠኑ ናቸው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ «የኛን ብሎክ የምትይዘው ማናት?» ብለሽ ስልኳን ተቀበይ። በኮንዶሚኒየም ሰፈር ትልቁ ችግር ቀን ቀን በሩ ሁሉ ዝግ መሆኑ ነው። ነፍሰ ጡር መኖሯን ሳናውቅ ወራት ያልፋሉ፤ አንቺ ቀድመሽ ካልተመዘገብሽ ማንም አያንኳኳልሽም። በጤና ጣቢያው የነፍሰ ጡር እናቶች ስብሰባ የሚካሄድበትን ቀንም ጠይቂ። እዚያ የምታገኚያቸው እናቶች በአንቺው ጤና ጣቢያ የወለዱ ስለሆኑ የትኛው በር ሌሊት እንደሚከፈት ጭምር ይነግሩሻል።

የጎረቤት ምክር ሁሉ አይጣልም፣ ሁሉም አይያዝም። ተልባ ሆድ ድርቀትን ያለዝባል፤ የሚያልፈው ግን በአንጀት ነው፣ ማሕፀን አይደርስም፣ ምጥንም አያፋጥንም። ከብዙ ውኃ ጋር በመጠኑ መጠጣት ይቻላል። ሆድ ማሸት ግን በፍጹም። የእንግዴ ልጅ ከቦታው ሊላቀቅ፣ ደም ሊፈስስ ይችላል፤ ልጁ ተገልብጦ ቢቀመጥ እንኳ የሚታየው በ36ኛው ሳምንት በባለሙያ ነው። ኮሶ ለእርጉዝ አደገኛ ነው። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል የሚደረገው ቅጠል ሳይሆን ተቀቅሎ የሚጠጣው ነው የሚያሰጋው፤ ማሕፀን ያኮማትራል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት እስክትወልጂ ይቅሩ፤ ክትፎ ካማረሽ በደንብ ይብሰል። አፈር ወይም ገል ካማረሽ አትፈሪ፣ አትደብቂው፤ ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ስለሆነ ለአዋላጇ ንገሪያት።

ጾምን በተመለከተ ብዙዎች የሚጨነቁት ሳይጠይቁ ነው። የነፍስ አባትሽን ወይም የሃይማኖት አባትሽን ቀድመሽ አማክሪ፤ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ የሚፈቀድ ነገር አለ።

ከወሊድ በኋላ የሚመጣውን ምክርም ከአሁኑ እወቂው፤ ያኔ ደክመሽ ስለምትሆኚ ለመከራከር አቅም አይኖርሽም። እንገር አይታለብም፣ አይደፋም፤ ቢጫ መሆኑ ቆሽሾ አይደለም። በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ልጁ ይጥባ። ለጨቅላ ቅቤ ማዋጥ፣ ስኳር ውኃ መስጠት፣ እትብት ላይ ማንኛውንም ነገር መቀባት አያስፈልግም። ገንፎው ለአንቺ ነው፤ እሱን ብዪ።

ፋርማሲስት፦

ስለ ክኒኖቹ ማንም ዝርዝር አልጻፈም። አይረን ከፎሊክ አሲድ ጋር ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጥሻል፤ አንዱ ክኒን 60 ሚሊ ግራም አይረንና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ አለው፣ በቀን አንድ። ሴቶች የሚያቋርጡት በሦስት ምክንያት ነው፤ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል። ሰገራ መጥቆሩ የሚጠበቅ ነው፣ አያስደነግጥም። ለማቅለሽለሹ ማታ ከራት በኋላ ሊተኙ ሲሉ መውሰድ ይረዳል። ለድርቀቱ ውኃ፣ ጎመን፣ ፍራፍሬ፤ እዚህ ላይ ነው ተልባው የሚጠቅመው።

ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት ክኒኑን ከሻይ ወይም ከቡና ጋር መዋጥ ነው። ውስጣቸው ያለው ታኒን አይረኑን አንጀት ውስጥ ስለሚይዘው ክኒኑ ተውጦም እንዳልተዋጠ ይሆናል። በመሐላቸው 2 ሰዓት ይኑር። ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጭማቂ ጋር ሲሆን በተቃራኒው መምጠጡ ይጨምራል። ካልሲየምና የጨጓራ ክኒንም ከአይረን ጋር አብረው አይወሰዱም።

የቡናው ክርክር እንዲህ ነው፤ ጨርሶ ክልክል አይደለም፣ ሦስቱንም ፍንጃል ከበረካው ጭምር ደግሞ መጠጣትም ልክ አይደለም። በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳይበልጥ ነው የሚመከረው። ጀበና ቡናችን ወፍራም ስለሆነ ቀጠን ተደርጎ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ሲኒ ላይ ማቆም ይሻላል።

ፎሊክ አሲድን በተመለከተ አንድ እውነት ልጨምር። የልጁ የአከርካሪ መስመር የሚዘጋው በፅንሱ የመጀመሪያ 28 ቀናት ስለሆነ ዋናው ጥቅሙ ከመፀነስ በፊት ሲጀመር ነው። አንቺ ያለሽበት ጊዜ አልፎታል፤ ክኒኑ ግን ለደምሽ ስለሚያስፈልግ አሁኑኑ ጀምሪ። ለሚቀጥለው ልጅ ቀድመሽ ትጀምሪያለሽ፤ ይህን የሚያነቡ ሌሎች እህቶችም ከአሁኑ ይያዙት።

መድኃኒት ቤት ስትገቢ ሆድሽ ገና ስለማይታይ «እርጉዝ ነኝ» ማለትን አትርሺ። ለራስ ምታትና ለትኩሳት ፓራሲታሞል ይበቃል፤ 500 ሚሊ ግራሙን አንድ ወይም ሁለት፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ (መርፌውም ጭምር) ይቅሩ፤ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የልጁን ኩላሊትና ልብ ይጎዳሉ። ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊንም አይወሰዱም። ፊት የሚያቀላ ክሬም ሜርኩሪ ሊኖረው ስለሚችል ይተው። የአስም፣ የሚጥል በሽታ፣ የግፊት ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ ግን በራሷ አታቋርጥ፤ የሚቀየር ካለ ሐኪም ይቀይራል።

ጀማሪዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የቀኑ ነገር ገባኝ። ሦስት ነገር ቀረኝ። የግል ክሊኒኩንም ጤና ጣቢያውንም አብሬ ብይዝ ጉዳት አለው? መሥሪያ ቤቴ በየጊዜው ፈቃድ ይሰጠኛል ወይ? ደግሞ ባለቤቴ አንዳንዴ የሌሊት ተረኛ ስለሆነ ምጥ ሌሊት ቢመጣ ከአራተኛ ፎቅ እንዴት እወርዳለሁ የሚለው ያስጨንቀኛል።

የአምቡላንስ ባለሙያ፦

የሌሊቱን እኔ ልመልስ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ደግሞ 939። ሁለቱንም፣ የጤና ጣቢያሽን ስልክና የምታምኚውን ባለ መኪና ጎረቤት ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ በሩ ጀርባ ለጥፊ፤ ባለቤትሽ በሌለ ጊዜ ስልክሽን የሚይዘው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጊዜ የሚባክነው መንገድ ላይ ሳይሆን ብሎክ ፍለጋ ላይ ነው። ስትደውዪ «ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም» ብሎ ማቆም አይበቃም። የሳይቱን ስም፣ የብሎክ ቁጥር፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ አጠገቡ ያለውን ትምህርት ቤት ወይም ሱቅ፣ ፎቁንና የቤት ቁጥሩን ንገሪ። ከዚያ አንድ ሰው በር ላይ ወጥቶ የእጅ ባትሪ ይዞ ይቁም፣ ጥበቃውም ይነገረው። ከደረጃው መውረድ የሚሻለው በሁለት ምጥ መሐል ባለው እረፍት ነው፤ አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ከጎን። መራመድ ካቃተ ጠንካራ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ ይዞ ማውረድ ነው። በእቅፍ አይወረድም፤ በጨለማ ደረጃ ሁለቱም ይወድቃሉ።

መቼ ይደወል? የመጀመሪያ ልጅ ላይ ምጡ በየ5 ደቂቃው እየመጣ አንድ ደቂቃ ያህል ከቆየና ለ1 ሰዓት እንዲህ ከቀጠለ። ከዳር ሰፈር ለሚነሳ ግን እስከዚያ አልጠብቅም፤ በየ7 እና 8 ደቂቃው ሲሆን መነሳት ይሻላል። የሽርት ውኃ ከፈሰሰ ምጥ ባይኖርም ሰዓቱን ጽፈሽ ሂጂ፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ በፍጥነት። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ዓይን መጋረድ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ሲኖር ሳምንቱ ስንትም ቢሆን አይታደርም። ልጁ መንቀሳቀሱን ከቀነሰም እንዲሁ ነው፤ ከ28ኛው ሳምንት ወዲህ በግራ ጎንሽ ተኝተሽ በ2 ሰዓት ውስጥ 10 እንቅስቃሴ ካልቆጠርሽ ሂጂ።

ጊዜሽ መስከረም ነው። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ቦርሳሽ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ የክትትል ካርድ፣ ጋቢ፣ ሞዴስ፣ ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ የልጅ ልብስ ከቆብ ጋር፣ የስልክ ቻርጀር። ደም ቢያስፈልግ የሚሰጡ ሁለት ሰዎችም ከአሁኑ ይታወቁ። ቀንሽ አልፎ ደመራ ላይ ከደረሰ መሐል ከተማ መንገድ ይዘጋልና የምትሄጂበት ሆስፒታል በየት በኩል እንደሚደረስ ቀድመሽ አረጋግጪ።

አዋላጅ ነርስ፣ ጤና ጣቢያ፦

ሁለት ቦታ መከታተል አይከለከልም፤ ጉዳት የሚያመጣው ወረቀቱ ሲለያይ ነው። የግፊት ልኬትሽ ግማሹ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ ከሆነ ቀስ እያለ የሚጨምረውን ማንም አያየውም፤ ዛሬ 130/85 ብቻውን ሲታይ ምንም አይመስልም፣ ባለፈው ወር 100/60 እንደነበር ካልታወቀ። ክሊኒኩን ለአልትራሳውንድ ተጠቀሚበት፤ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጥሩ አልትራሳውንድ ያስፈልግሻልና 20ኛው ሳምንት አካባቢ ተነሺ። ዋናው ካርድሽ ግን አንድ ቦታ ይሁን፣ የክሊኒኩ ወረቀት ሁሉ እዚያው ይያያዝ።

የመንግሥት ሆስፒታል በቀጥታ ሄዶ ክትትል መጀመር በአብዛኛው አይቻልም፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይጠይቃሉ። በእናንተ አቅጣጫ የሚቀርበው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው። መንታ፣ የግፊት ችግር፣ የእንግዴ ልጅ ወደ ታች መቀመጥ፣ በ36 ሳምንት ያልተስተካከለ አቀማመጥ ሲኖር ሪፈሩ ቀደም ብሎ ይጻፋል። ምጥ ወይም ድንገተኛ ነገር ሲሆን ግን ሪፈር ፍለጋ አትንከራተቺ፣ ወደቀረበሽ ግቢ።

ሥራሽ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር ከሆነ፣ ከእርግዝና ጋር ለተያያዘ ምርመራ አሠሪው ከደመወዝ ጋር ፈቃድ መስጠት አለበት፤ የሚጠይቅሽ የሐኪም ማስረጃ ነው። ስለዚህ በየቀጠሮሽ መጨረሻ «መታየቴን የሚገልጽ ወረቀት» ብለሽ ማኅተም አስመቺ። የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ከወለድሽ በኋላ የልደት ማሳወቂያውን ሳትይዢ ከጤና ተቋሙ አትውጪ፤ ወረዳ ላይ ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀን ውስጥ ነውና።

ስለ ቲክቶኩም ላንሳልሽ። የምትናገረው ሰው ሙያዋ ምንድን ነው? የምትሸጠው ነገር አለ? «ስንተኛ ሳምንትሽ ነው፣ ግፊትሽ ስንት ነው?» ሳትል ለሁሉም አንድ ዓይነት ክኒን የምታዝ ከሆነ እለፊያት። ግራ ያጋባሽን ቪዲዮ ስልክሽ ላይ አስቀምጪና ቀጠሮ ስትመጪ አሳዪን። እንደውም ጥያቄዎችሽን እየጻፍሽ ያዢ፤ ወረፋ ሲረዝም ክፍሉ ውስጥ የምታገኚው ደቂቃ ጥቂት ስለሆነ ከጻፍሽው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ቀድመሽ አንብቢልን።